ጉድለት

ሰኔ 30 ሲቃረብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ ቆጠራ አለ። እኔ ስቶር ኪፐር ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚቀመጥበት መጋዘን ቁልፍ የሚገኘው እኔ ጋ ነው። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ቡሎን። የገባው በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22 እየተመዘገበ ዓመቱ ያልፋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ይመጣና መደርደሪያው ላይ ያለውን አንድ በአንድ ያያል። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል።

ቅጹ ላይ "በመዝገብ ያለ" የሚል ዓምድ አለ። "በቆጠራ የተገኘ" የሚል አለ። ቀጥሎ "ብልጫ" እና "ጉድለት" ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ "ምርመራ"። እኔ ከሁሉም ዓይኔን የማሸሸው ከ"ጉድለት" ላይ ነበር። ቃሉ ራሱ ይከብደኛል። ለኩሽኔታም ለሰው ፀባይም የምንጠቀመው ያንኑ አንድ ቃል ነው። "ጉድለት የሌለበት ሰው የለም" እንላለን፤ ስንል ቀላል ነው።

በሰኔ 2015 ቆጠራ 12 ኩሽኔታ ጎደለብኝ። መዝገቡ 40 ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው 28 ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርን። ሦስተኛውን እኔ ብቻዬን ቆጠርኩ። 28።

የሰኔን የድሬ ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። መጋዘኑ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ላቤ ቅጹ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ አፌ በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ። "እኔ እኮ የማልረባ ሰው ነኝ። ለኔ ቁልፍ መስጠት አልነበረባቸውም። ያመነኝን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የማደርገው።" እያልኩ ቀጠልኩ። ኮሚቴው ዝም ብሎ ያየኛል።

ከኮሚቴው መካከል ከሌላ ክፍል የመጡ፣ ጡረታቸው የቀረበ አንድ ሴት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

"ስንት ነው የጎደለው?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ስንት ነው ነው ያልኩህ።"

"12።"

"12 ብለህ ጻፋ።"

ጻፍኩ። ጣታቸውን "ምርመራ" የሚለው ዓምድ ላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ ምክንያቱ ነው የሚጻፈው። ምክንያቱን ፈልግና ጻፍ። ስድብ የሚጻፍበት ዓምድ የለም፣ ልጄ።"

ፈለግን። 4ቱ በሞዴል 22 ወጥተው ካርዱ ላይ ያልተቀነሱ ሆነው ተገኙ። ወረቀቱ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ክንዴን ያሳረፍኩበት ፋይል ውስጥ ነበር። 8ቱ ግን በእርግጥ የሉም። ለምን እንደሌሉም አወቅን። የማውቃቸው መካኒኮች መጥተው "ነገ እፈርምልሃለሁ" ሲሉኝ እሰጣቸው ነበር። እምቢ ብላቸው ይቀየሙኛል ብዬ። ነገ ሲመጣ እነሱም ይረሳሉ፣ እኔም እረሳለሁ። የ8ቱ ዋጋ በየወሩ ከደመወዜ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ካልተፈረመ አንዲት ቡሎን ከዚያ በር አትወጣም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። "ያመነኝን ሰው ሁሉ" ስል ግን በልቤ የነበረው ኩሽኔታ አልነበረም።

ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው። እናቴ የ6 ዓመት ልጅ ሆኜ ሞተች። ያሳደጉኝ ወንድሟና ሚስቱ ናቸው። እሳቸውን ጋሼ፣ እሷን እማ እላለሁ። ጋሼ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሐረርን ለማያውቅ ልንገር፦ ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። የመንገዱ ስም የመጣው ከዚያ ከማሽኖቹ ድምፅ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጋሼ እግር ሥር ዘርግቼ የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ ነበር። ዛሬም የልብስ ስፌት ማሽን ስሰማ የማባዛት ሰንጠረዥ ትዝ ይለኛል።

በ2010 ጋሼ ዕቁብ ደረሳቸው። 85 ሺህ ብር። ለራሳቸው አዲስ ማሽን መግዛት ይችሉ ነበር። እኔን ጠሩኝና ሰጡኝ። ድሬ ላይ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ክፈት አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። "ጨርቅ ሽጥ። ክር ሽጥ፣ ቁልፍ ሽጥ። ልባሽ ግን እንዳትነካ።"

ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ነው። ይገባል ግን፤ በበረሃው በኩል በቦንዳ ታስሮ። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ከማንም አይማርም። ለጋሼ ደግሞ ነገሩ ከሕግም በላይ ነው። ሰው የተለበሰ ሱሪ በርካሽ ካገኘ ሱሪ የሚያሰፋበት ምን ምክንያት አለው? ልባሽ የእሳቸውን ገበያ ሲበላ ዓይናቸው እያየ ነው ያረጁት።

ነካሁ። በሦስት ሳምንት እጥፍ ይሆናል አሉኝ። አመንኩ፣ ወይም ማመን ፈለግኩ። ብሩን በሙሉ ሰጠሁ። ጭነቱ መንገድ ላይ ተያዘ፣ ተወረሰ። በቃ። ሱቅ የለ፣ ጨርቅ የለ።

ጋሼ ደወሉ። "ሱቁ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ደህና ነው ጋሼ፣ ደንበኛ እየለመደ ነው" አልኩ። በሌላ ሳምንት ደወሉ። ያንኑ አልኩ። በወሩ ስልኩ ሲጮህ እያየሁት ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ሲም ካርድ ቀየርኩ።

በሰኔ 2012 እማ ሞተች። ሰው አፈላልጎ ነገረኝ። ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ሰበብ አላጣሁም። በሦስተኛው ቀን ሊመሽ ሲል ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ራቅ ራቅ ብለው ተደርድረዋል። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቼ ወጣሁ። እስከ መኪና ተራው ድረስ ዞር ብዬ አላየሁም።

ብሩን ያጠፋሁት በስግብግብነት ነው። ቀብሯን ያጣሁት ግን በኀፍረት ነው። ሰው ስለመጀመሪያው ዓይነት ጥፋት ብዙ ያወራል። ሁለተኛውን የሚያይልን የለም፤ ምክንያቱም የሚያፍር ሰው ጥሩ ሰው ይመስላል። "እሱ እንኳ በጣም ተጸጽቷል" ይባልለታል።

በእነዚያ ዓመታት ራሴን ሳልሰድብ ያደርኩበት ሌሊት ትዝ አይለኝም። ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። መብራት ካለ ቬንቲሌተሩ ይዞራል። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። "ሌባ። ከሃዲ። ያሳደገህን ሰው ያራቆትክ።" ቀን ሥራ ላይ አንድ ትንሽ ስህተት ካገኘሁ ማታ ትጨመራለች። አንድ ሰው ሰላም ሳይለኝ ካለፈ "አውቆብኛል" እላለሁ። ምግብ ሲጣፍጠኝ እንኳ አንድ ነገር "አንተ ደግሞ!" ይለኛል።

ይህን እንደ ኅሊና ነበር የማየው። ሌላው ሰው አጥፍቶ ይስቃል፣ እኔ ቢያንስ ራሴን አልምርም ብዬ እጽናና ነበር። ያደግነውም እንዲያ ተብለን ነው። ልጅ ካልተቆጡት አይቀናም፣ ሰው ካልተሰደበ አይነቃም። ስለዚህ ራሴን ስሰድብ ራሴን እያቀናሁ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው ግን ክፍያ ነበር የመሰለኝ። ራሴን በሰደብኩ ቁጥር ከዕዳዬ ትንሽ የቀነስኩ ይመስለኝ ነበር። ለዚህም ነው ስድቡ ካለቀ በኋላ እንቅልፍ የሚወስደኝ። ጋሼ ዘንድ ግን ከዚያ ሁሉ ስድብ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችም። እሳቸው በዚያች ሌሊት ሐረር ብርድ ላይ ብቻቸውን ተኝተዋል። በእኔ ራስን መውቀስ ውስጥ ጋሼ የሉም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፈራጁም ተከሳሹም እኔ፣ ተመልካቹም እኔ። የተበደለው ሰው ወደ ችሎቱ ተጠርቶ አያውቅም።

በ2014 ለሐምሌ 19 ቁልቢ ሄድኩ። ለገብርኤል የሚሄደው ሕዝብ ብዛት ይታወቃል። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ስለቱን ይዞ ይወጣዋል። ጥላ የሚያገባ አለ፣ ሻማ የሚያገባ አለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። እኔ ድንጋይ ተሸከምኩ። ትልቅ ድንጋይ መረጥኩ። ትከሻዬ ተላጠ። አልቅሼ ሁሉን ለገብርኤል ነገርኩት። ስመለስ ሰውነቴ ቀልሎኛል።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል። አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ "ሐረር ወራጅ አለ?" ብሎ ረዳቱ ጠየቀ። ዝም አልኩ። ቁልቁል ወረድን።

ጎረቤቴ ባጃጅ የሚነዳ ሙስሊም ነው። ማታ ማታ በር ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። ትከሻዬን አየና ጠየቀኝ። ዝርዝሩን ሳልነግረው የበደልኩት ሰው እንዳለ፣ ለዚያም ቁልቢ ወጥቼ እንደመጣሁ ነገርኩት። "ጥሩ አደረግክ" አለኝ። ሻዩን ፉት አለና "ግን አቦ፣ የአላህን አላህ ይምርሃል። የሰው ሐቅ ግን ያለው ባለቤቱ ጋ ነው" አለኝ።

ተቀየምኩት። ለሳምንት ያህል በር ላይ አልወጣሁም። የተላጠ ትከሻዬን ይዤ "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" እል ነበር። አሁን ሳስበው መልሱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር።

ከዓመት በኋላ ነው እንግዲህ እትዬ "ስድብ የሚጻፍበት ዓምድ የለም" ያሉኝ። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ስለ ራስን መውቀስ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙው ነገር "ራስህን ውደድ" የሚል ነው። እንዲህ ያለ ምክር ለእኔ አይገባኝም፤ ያኔም አልገባኝም። ሰው በድሎ ራሱን በመስታወት እያየ "እወድሃለሁ" ቢል የተበደለው ምን ያገኛል?

ሁለት ሦስት ነገር ግን ያዘኝ። ፖል ጊልበርት የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አለ። ራሳችንን ስንሰድብ አእምሯችን ሌላ ሰው እንዳጠቃን ሁሉ ይቆጥረዋል ይላል። ሰውነት አደጋ እንደመጣበት ይሆናል። አደጋ የመጣበት ሰው ደግሞ ይሸሻል፣ ይደበቃል፣ ወይም ክው ብሎ ይቀራል። ይህን ሳነብ ስልኩ ሲጮህ እያየሁት ዝም ያልኩባቸው ቀናት መጡብኝ። ሲም ካርዱ መጣብኝ።

ክርስቲን ኔፍ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራት ማለት ምን እንደሆነ በ3 ነገር አስቀምጣለች። አንዱ ራስን በደግነት መያዝ ነው። ሁለተኛው መሳሳት የሰው ልጅ ሁሉ እንጂ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ሦስተኛው ነገሩን ሳያሳንሱ፣ ሳያገዝፉም ባለበት መጠን ማየት ነው። እኔን የነካኝ ሦስተኛው ነው። እትዬ "ስንት ነው የጎደለው?" ሲሉኝ ያደረጉት ይህንኑ አይደል? 12 ማለት 12 ነው። ዜሮም አይደለም፣ መጋዘኑ በሙሉም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ውስጥ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናትም አለ። 119 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያዘገዩ ከቆዩት መካከል ለዚያ ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሚቀጥለው ፈተና ብዙ አላዘገዩም። ስለ ራሳቸው የነበራቸው መጥፎ ስሜት ሲቀል ደብተሩን መሸሽም ቀነሰ። እኔ ከልጅነቴ የሰማሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ራስህን ካልማርክ ትጠነክራለህ የሚለውን ነው። እኔ ግን ራሴን ስላልማርኩ ነው አምስት ዓመት ያዘገየሁት።

በማግስቱ የእቃ ካርድ አወጣሁ፤ ባዶ፣ ያልተጻፈበት። ዓምዶቹን እንደ ቆጠራ ቅጽ አሰመርኩ። በአንዱ የተሰጠኝን፣ በአንዱ የመለስኩትን፣ በአንዱ ጉድለቱን ጻፍኩ።

ብር፦ የተሰጠኝ 85,000፣ የመለስኩት 0፣ ጉድለት 85,000።

ቃል፦ ልባሽ አልነካም ብዬ ነካሁ።

ስልክ፦ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፣ ከዚያ ዘጋሁ።

ቀብር፦ አልነበርኩም።

4 መስመር ነው። ሌሊቱን ሁሉ የሚሞላው ያ ሁሉ ስድብ ሲጻፍ ከ4 መስመር አላለፈም። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ አራተኛውን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን ዳር አለው። ስድብ ዳር የለውም፤ ለዚህ ነው የማያልቀው።

"ምርመራ" ላይ ስደርስ ቆየሁ። ለብሩ "ስግብግብነት" ብዬ ጻፍኩ። ለሌሎቹ ምን እንደምጽፍ ስቸገር የመካኒኮቹ ነገር ትዝ አለኝ። "ነገ እፈርምልሃለሁ" ሲሉኝ እምቢ ያላልኩት የሚቀየም ፊት ማየት ስለማልችል ነው። የጋሼን ስልክ ያላነሳሁትም የሚቀየም ፊት ማየት ስለማልችል ነው። ቀብሩም እንዲሁ። ያው አንድ ጉድለት ነው። እኔ ክፉ ሰው ስለመሆኔ ስከራከር ስንት ዓመት ከርሜያለሁ፤ ፈሪ መሆኔን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ክፉ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ፈሪ ሰው ግን እየፈራም ቢሆን ሚኒባስ መሳፈር ይችላል።

በሐምሌ 2015፣ ቅዳሜ ቀን ተሳፈርኩ። ድሬ በ1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረር 1900 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ ከድሬ እንደወጣ ይጠመዘዛል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ይህን ተራራ መውጣት ከብዶ ነው ከሥሩ የቆመው፤ ድሬ የተቆረቆረችውም በዚያ ነው። ሐረር መድረስ ስላልተቻለ የተሠራች ከተማ ናት ማለት ነው፤ መጀመሪያ የተሰጣት ስምም አዲስ ሐረር ነበር። ደንገጎ ላይ ቀዝቃዛው አየር በመስኮት ገባ። ረዳቱ ምንም አልጠየቀም፣ ሁላችንም የሐረር ነን። ሐሮማያን አለፍን። አወዳይ ላይ ጫት የሚጭኑ ወጣቶች መንገዱን ዘግተው ትንሽ አቆሙን። እኔም ቢቆይ በወደድኩ።

ጋሼ ቦታቸው ላይ ናቸው። ማሽኑ ያው ሲንጀር ነው። እየሰፉ አልነበረም፤ የተበላሸ የሱሪ ስፌት በምላጭ እየፈቱ ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጨርቁ በጣም አስጠግተው፣ አንድ ክር ይበጥሳሉ፣ ይስባሉ፣ አንድ ይበጥሳሉ። ጨርቁን አይጎትቱትም። ከጎተቱት ይቀደዳል። ቆሜ አየኋቸው። ቀና ሳይሉ "ግባ፣ ብርሃኑን ከለልከኝ" አሉኝ። በጥላዬ ነው መሰለኝ ያወቁኝ።

ልጅ ሆኜ የምቀመጥባት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። ተቀመጥኩ። ካርዱን አወጣሁ። በቃሌ እለዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። አነበብኩት። 4ቱንም።

እጃቸው አላቆመም። "ልባሽ?" አሉ ብቻ።

"አዎ ጋሼ።"

ብዙ ቆየን። ጎናችን ያለው ማሽን ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል።

"የብሩን ሰምቼ ነበር" አሉ። "ሐረር ትንሽ ናት። ተናድጄ ነበር፣ አለፈልኝ። የእሷ ቀን ግን፣ ሳጥኑን በግራ በኩል የሚይዝ ሰው አጣን። ልጇ ይመጣል፣ እሱ ይያዝ አልኩ። ጠበቅን። ጎረቤት ያዘ።" ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ይቅር ብዬሃለሁ ብል ውሸት ነው። ዛሬ አልልህም።"

የድሮው ስድብ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። "ጋሼ እኔ ሰው አይደለሁም፣ እኔ..." ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ብል ምን እንደሚሆን ግን ታየኝ። እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው፤ "ተው እንዲህ አትበል፣ አይዞህ" ማለታቸው አይቀርም። ሚስታቸውን ያለ እኔ የቀበሩ ሰው እኔን ሊያጽናኑ ነው። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም።

"እሺ ጋሼ" አልኩ መጨረሻ ላይ።

እሳቸው መርፌና ክር አነሱ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ አልገባም። ወደ እኔ ዘረጉት። "ዓይኔ ደክሟል። አስገባልኝ።"

ከዚያ ወዲህ በየወሩ 1,500 ብር እሰጣቸዋለሁ። እስካሁን 36 ሺህ ደርሷል፤ 49 ሺህ ይቀራል። ካርዱ ላይ እየጻፍን ሁለታችንም እንፈርማለን። የ2010 85 ሺህ ከዛሬው 85 ሺህ ጋር አንድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። ብሩን ጨርሼ ብከፍል እንኳ የከፈልኩት ያንን ብር አይደለም። የሳጥኑ ግራ ጎን ደግሞ በምንም አይሞላም። "ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም" ይሉኛል ሰዎች፣ ሊያጽናኑኝ። ለእኔ ይህ ተረት አይመቸኝም። በዚያ ክረምት ዝናብ የደበደበው ሰው ዛሬም አለ፣ ልብሱ ገና አልደረቀም።

ፈሪነቴም አለ። ባለፈው ወር አንድ ጭነት በስህተት ተረከብኩ። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን ደበቅኩ። ሁለቱን ሌሊት ያ ድምፅ መጣ። "አየህ? ያው ነህ።" ያው ነኝ፣ እውነቱን ነው። አሁን ግን አልከራከረውም። "ስንት ነው?" እለዋለሁ። ድምፁ ለዚህ መልስ የለውም። እኔ ግን አለኝ፦ 6 ካርቶን ፊልትሮ፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነገርኩት። ተቆጣ። የሚቀየም ፊት አየሁ። ጭነቱን መለስን።

ሐረር የምሄደው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። ጋሼ የእጅ ስፌት የሚሠሩት በእኔ ክር ነው። 12 መርፌ አላቸው። ከመመለሴ በፊት ለሁሉም ክር አስገብቼ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ፣ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰክቼ እሄዳለሁ። ስመለስ ሁሌም ባዶ ናቸው። ስለ ይቅርታ እስካሁን አንስተን አናውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ተራዬ አልነበረም። ግን ሄድኩ። 5ቱ መርፌዎች ክራቸው እንዳለ ጨርቁ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ሥራ ቀነሰ እንዴ?" አልኳቸው።

"የለም" አሉኝ፤ በርጩማዋን በእግራቸው ወደ እኔ እየገፉ። "ቶሎ መጣህ።"